የወንድሜ ጉልበት፣ ሁለት ሐኪሞችና 26 መልሶች

የመክፈቻ ጥያቄ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ታናሽ ወንድሜ 31 ዓመቱ ነው። እሁድ ማታ አዳማ ውስጥ በሞተር ሲሄድ ከባጃጅ ጋር ተጋጨ። ሄልሜት አድርጎ ስለነበር ጭንቅላቱ ተርፏል። የተጎዳው ግራ ጉልበቱ ነው። የቅልጥሙ የላይኛው ራስ፣ የጭን አጥንት የሚያርፍበት ጠፍጣፋው ቦታ፣ ተሰብሯል ተባልን። አሁን በግማሽ ጄሶ ታስሮ አልጋ ላይ ነው። አንዱ ሐኪም ተከፍቶ ብረት መታሰር አለበት አለን። ሌላው፣ የግል ሆስፒታል የሚሠራው፣ ሳልከፍት በትንንሽ ቀዳዳ እሠራዋለሁ አለን። የሁለተኛው ዋጋ የመጀመሪያውን እጥፍ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው። እናታችን ደግሞ ሁለቱንም ትታ ወጌሻ ልታስጠራ ነው። በቀዳዳ የሚሠራው በእርግጥ ይሻላል? ወይስ የምንከፍለው ለጠባሳው ማማር ነው? እስከ ሐሙስ ወስኑ ተብለናል። የምታውቁ ቶሎ መልሱልኝ።

ይህን የለጠፍኩት ማክሰኞ ሌሊት ነው፤ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ፣ ስልኬ ስድስት ፐርሰንት ሲቀረው። የውይይቱ ክር እስካሁን 26 መልስ ደርሷል። አዲስ የሚገቡ ሰዎች ከላይ ያለውን ሳያነቡ ያንኑ ጥያቄ ስለሚደግሙ፣ እኔው በገባኝ መጠን ከላይ እስከ ታች ልተርከው። የማንንም ቃል እንዳለ አልገለበጥኩም፤ ስምም አልጠራም። ያናደዱኝ ላይ ትንሽ ላከርር እችላለሁ። ከወዲሁ ይቅርታ።

መልስ 1 የመጣው አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ነው። እግዜር ይማረው ብሎ፣ ግጭቱ የትኛው አደባባይ ጋ እንደሆነ ጠየቀ። ሌላ ምንም የለም። ሰው ይገርማል። ግን በዚያ ሰዓት አንድ የነቃ ሰው መኖሩ ራሱ ደስ አሰኝቶኛል።

መልስ 2 እጅግ እርግጠኛ ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት መንገድ ሲሻገር መኪና ገጭቶት እሱም ጉልበቱ ሥር ተሰብሮ ነበር። በሁለት ቀዳዳ ሁለት ብሎን ገባለት። በማግስቱ ቤቱ ሄደ። ጠባሳው የክብሪት እንጨት አያክልም። ስለዚህ ያላችሁን ሽጣችሁ በቀዳዳ አሠሩት፣ ዛሬም ከፍቶ የሚሠራ ሐኪም ከዘመኑ ወደ ኋላ የቀረ ነው ሲል ደመደመ። ይህን አንብቤ የእናቴን ሐብል ስለ መሸጥ ላነሳባት ትንሽ ነው የቀረኝ።

መልስ 3 ከጎጃም የጻፈ ጨዋ ሰው ነው። አባቱ ከበቅሎ ወድቀው ጭናቸው ተሰብሮ በወጌሻ እጅ ድነዋል። ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን አርሰዋል። ሐኪሞች ብረት ይወዳሉ፣ ወጌሻ ግን አጥንት በእጁ ያነባል የሚል እምነት አለው። በትህትና ነው የጻፈው። ሲጨርስም ውሳኔው የቤተሰቡ መሆኑን ተናግሮ፣ ለእናቴ ሰላምታ ልኮ ተሰናበተ። እናቴ ይህን መልስ ሦስት ጊዜ አስነብባኛለች።

መልስ 4ን የጻፈችው የአጥንት ክፍል ነርስ ናት። ለመልስ 3 ክብር እንዳላት አስቀደመች። ወለምታ ሲሆን እሷም ልጅ ሆና ወጌሻ ዘንድ ተወስዳለች። ከዚያ ቃሏ ከረረ። ወጌሻ ያበጠ እግር ላይ ቀርከሃ ጠፍሮ ሲያስር ደም ይታገዳል። እግሩ ይቀዘቅዛል፣ ይጠቁራል። ያን ጊዜ ለሆስፒታሉ የሚቀረው ሥራ መቁረጥ ብቻ ነው። በዚህ መንገድ እግራቸውን ያጡ ሕፃናትን አስታማለች። መገጣጠሚያ ውስጥ የገባ ስብራት ደግሞ በእጅ ዳሰሳ የሚስተካከል ነገር አይደለም።

ቀጥላም ክርክሩን ትቼ አሁኑኑ ወንድሜን እንዳየው አዘዘችኝ። የእግር ጣቶቹን ያንቀሳቅሳል? ጣቶቹን ወደ ላይ ስስብለት ባቱን ክፉኛ ያመዋል? ባቱ እንደ ድንጋይ ጠጥሯል? እግሩ ይደነዝዘዋል? ማስታገሻ ተሰጥቶትም ሕመሙ እየባሰ ነው? ምክንያቱን በቀላሉ አስረዳችኝ። የባት ጡንቻ የማይለጠጥ ጠንካራ ስስ ሽፋን ውስጥ ነው ያለው። ስብራቱ የሚያደማው ደምና እብጠቱ ውስጥ ሲጠራቀም መውጫ ያጣል። ግፊቱ የደም ዝውውሩን ያንቃል። ስድስት ሰዓት ገደማ ከቆየ ጡንቻው ይሞታል። ያን ጊዜ ሽፋኑን በአስቸኳይ ሰንጥቆ ማስተንፈስ ነው እንጂ የብረት ወሬ የለም። ሙሉ ጄሶ ያልታሰረለትም ለዚሁ ነው፤ እብጠቱ ቦታ እንዲያገኝ። እናቴ ግማሽ ጄሶውን ያየችው እንደ ሆስፒታሉ ንፉግነት ነበር።

ተነስቼ ሄድኩ። ባቱ ለስለስ ይላል። ጣቶቹንም አንቀሳቀሰልኝ። ከእንቅልፉ ስለቀሰቀስኩት ግን ሰደበኝ። በሕይወቴ ደስ ብሎኝ የተሰደብኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

መልስ 5 ረጅሙ ነው። የጻፈው በአጥንት ሕክምና ስፔሻሊቲ ላይ ያለ ወጣት ሐኪም ነው። ጥያቄዬን ከመሠረቱ ገለበጠው። ቀዳዳ ወይስ መክፈት የሚለው ሁለተኛ ጥያቄ ነው፤ መጀመሪያ የሚጠየቀው ምን ዓይነት ስብራት ነው የሚለው ነው። የቅልጥሙን ራስ እንደ ምጣድ እንዳስበው ነገረኝ። ምጣድ ይሰነጠቃል። ወይም መሃሉ ይሰምጣል። ወይም ሁለቱም ይሆናል። ጆሴፍ ሻትዝከር የተባሉ የቶሮንቶ ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1979 ይህን ስብራት በስድስት ዓይነት ከፍለውታል። ሐኪሞች ዛሬም የሚግባቡት በዚያ ቁጥር ነው።

አንደኛው ዓይነት በውጭ በኩል ያለ ንጹሕ ስንጥቅ ነው። ከጎን ተጨምቆ በቆዳ ቀዳዳ በኩል በብሎን ሊጠበቅ ይችላል። ሦስተኛው መስመጥ ብቻ ነው። ከሥሩ ትንሽ መስኮት ይከፈታል። በዚያ በኩል ዘንግ ገብቶ የሰመጠው ወደ ላይ ይገፋል። ሥሩ ባዶ ስለሚቀር ከዳሌ አጥንት ተፍቆ ወይም በሰው ሠራሽ ምትክ ይሞላል። ሁለተኛው የሁለቱ ድብልቅ ነው፤ ተሰንጥቆም ሰምጦም። አራተኛው በውስጥ በኩል የሚደርስ ነው። እዚያ ጋ ከጉልበት ጀርባ የሚያልፈው ትልቁ የደም ስር አብሮ ተጎድቶ እንዳይሆን ይፈራል። አምስተኛውና ስድስተኛው ሁለቱንም ጎን የሚሰብሩ ናቸው። በስድስተኛው ምጣዱ ከሥሩ ካለው የአጥንት ግንድ ይለያል። እዚህ ላይ ቀዳዳ ብቻውን ብዙ ጊዜ አይበቃም።

መልስ 2ን በስም ሳይጠራ ነካ አድርጎት አለፈ። በሁለት ብሎን የዳነ ሰው የተሰበረው አንደኛው ዓይነት መሆኑ አይቀርም። የወንድሜን ግን ሲቲ ስካን ሳይታይ ማንም መናገር አይችልም። ተራ ራጅ መስመጡን ይደብቃል።

መልስ 6 የራሴ ነው። ረቡዕ ጠዋት ሲቲ ስካኑን አሳነሳነው። ውጤቱን ፎቶ አንስቼ ለጠፍኩት። ሁለተኛው ዓይነት። በውጭ በኩል ተሰንጥቆ፣ አንድ ቁራጭ ዘጠኝ ሚሊ ሜትር ሰምጧል።

መልስ 7 በቁጣ መጣ። የታማሚን ፎቶ ኢንተርኔት ላይ መለጠፍ ነውር ነው፣ ሕክምና በአስተያየት ብዛት አይወሰንም አለ። በፎቶው ትክክል ነበር። ስሙ ይታይ ነበርና ወዲያው አነሳሁት። መልስ 8 ደግሞ እኔን ደግፎ 7ን ወረደበት። ሐኪም ዘንድ ሦስት ደቂቃ የማይሰጠው ሰው ሌላ የት ይጠይቅ ነው ነገሩ። ሁለቱም እውነት አላቸው። ሁለቱም ግን ጨዋነት ቀንሰዋል።

መልስ 9 ከሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የጻፈች እህት ናት። ከዚህ ሁሉ መልስ የምወደው ይህን ነው። እሷ የተሰበረችው ከጉልበቷ በላይ፣ የጭን አጥንቷ የታችኛው ጫፍ ላይ ነው። በረዶ ላይ ተንሸራታ። የተሠራላት በቀዳዳ ነው። ከጉልበቷ ጎን ሦስት ጣት የሚያህል ተቀደደ። በዚያ በኩል ረጅሙ ብረት በጡንቻው ሥር፣ በአጥንቱ ላይ ተንሸራቶ ወደ ላይ ገባ። ስትገልጸው የቁምጣ ገመድ በመርፌ ቁልፍ ጠርፉ ውስጥ እንደሚከተት ነው። ብረቱ ከገባ በኋላ ከውጭ ሌላ መለኪያ ብረት ይገጠምለታል። የመለኪያው ቀዳዳዎች ውስጥ ካለው ብረት ቀዳዳ ጋር ይገጥማሉ። በእያንዳንዱ የጥፍር ስፋት ቆዳ እየተሰነጠቀ ብሎን ይገባል። የብሎኖቹ ራስ ላይም ጥርስ ስላለ ብረቱ ላይ ይቆለፋሉ። ሐኪሙ አጥንቱን በዓይኑ አያየውም። የሚያየው ሲ-አርም የሚሉት የቀጥታ ራጅ ስክሪን ላይ ነው።

ይህን ሁሉ አድንቃ ስታበቃ ታሪኩን ቀየረችው። ከሆስፒታል የወጣችው በሦስተኛው ቀን ነው። እግሯን መሬት ያስነካችው ግን ከአሥር ሳምንት በኋላ ነው። ሦስተኛ ፎቅ ስለምትኖር ደረጃውን በመቀመጫዋ እየተንፏቀቀች ነበር የምትወጣው። ጎረቤቶቿ ሐበሻ አይደሉም፤ ሾርባ የሚያመጣ አልነበረም። ቆዳው በሁለት ሳምንት ደረቀ፤ አጥንቱ ግን ቁስሉ ትንሽ ይሁን ትልቅ አያውቅም። ቀዳዳ ስለሆነ ቶሎ ይነሳል ብላችሁ ሥራ እንዳታስጀምሩት ብላ አስጠነቀቀች።

መልስ 10 መልስ 2 ተመልሶ መጥቶ ነው። ቅር ብሎታል። የድሮ ወረቀቱን ፈልጎ አየው መሰለኝ፣ የእሱ ስብራት ያልተንሸራተተ ስንጥቅ እንደነበር አመነ። ማመኑን አከበርኩለት። ግን በዚያው አንቀጽ፣ ቢሆንም ቀዳዳው ይሻላል ብሎ ደገመው።

መልስ 11 የሆስፒታል መሣሪያ ጠጋኝ ነው። አጭርና መራራ ነገር ጻፈ። በቀዳዳ የሚሠራ ሐኪም ዓይኑ ሲ-አርሙ ነው። መሣሪያው ከተበላሸ፣ መለዋወጫ ከጠፋ፣ መብራት ከሄደ፣ ሐኪሙ ዓይኑን አጣ ማለት ነው። ያን ጊዜ ከፍቶ በዓይን አይቶ መሥራት የኋላ ቀርነት ምልክት ሳይሆን ጥንቃቄ ነው። ስለዚህ ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት ማሽኑ ይሠራል ወይ ብላችሁ ጠይቁ አለ። የጨረር መከላከያ ካባ ሳይኖራቸው ከማሽኑ ሥር ውለው የሚያመሹትን የኦፕራሲዮን ክፍል ሠራተኞችም አነሳ። ይህ ከወንድሜ ጋር ባይገናኝም አንጀት ይበላል።

እዚያው ላይ ስለ ሳይን ሚስማር ጨመረ። ሳይን፣ ሉዊስ ዘርክል የተባሉ አሜሪካዊ የአጥንት ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1999 በዋሽንግተን ግዛት፣ ሪችላንድ ከተማ የመሠረቱት ድርጅት ነው። ሚስማሩ ሲ-አርም በሌለበት ሆስፒታል እንዲሠራ ታስቦ የተፈጠረ፣ አጥንት ውስጥ የሚገባ ሚስማር ነው። የብሎኑን ቀዳዳ የሚያገኙት በራጅ ሳይሆን በመለኪያ ክንድ ነው። ሚስማሩ ለታማሚው በነፃ ነው። ሐኪሞቹ የእያንዳንዱን ታማሚ ራጅ ለድርጅቱ ይልካሉ፤ በተጠቀሙት ልክ ሚስማር ይተካላቸዋል። እኛም አገር ይሠራበታል፤ የሶዶ ክርስቲያን ሆስፒታልን ጠቅሷል።

መልስ 12 ይህን አንብቦ ነፃ ሚስማር እያለ ለምን ትከፍላላችሁ ብሎ ወቀሰን። ሰው የነፃ ነገር ሲሰማ!

መልስ 13 የስፔሻሊቲው ልጅ ነው፤ አርሞ አስተካከለው። ሚስማሩ ለአጥንቱ ግንድ ነው። የቅልጥም ወይም የጭን መሃል ሲሰበር ድንቅ ነው። የጭን አጥንት ወደ ታች ሲሰበርም በጉልበት በኩል ወደ ላይ ሊገባ ይችላል። የሰመጠ ምጣድ ግን በሚስማር አይነሳም። በዚያው ደስ የሚል ነገር ነገረን። የሳይን ሐኪሞች ታማሚው መዳኑን የሚያዩት ቁጢጥ በል፣ ፈገግ በል ብለው ፎቶ በማንሳት ነው። ቁጢጥ ማለት ከቻለ ጉልበቱ ይታጠፋል። ከሳቀ አያመውም።

ከዚህ በኋላ ክሩ መንገዱን ሳተ። ጥፋቱ የቁጢጡ ወሬ ነው።

መልስ 14 ከደሴ ነው። ቢሰበር ከሁሉ በላይ የሚያሳስበው ሱጁድ ነው፤ ጉልበቱ የማይታጠፍ ሰው እንዴት ይሰግዳል ሲል ጠየቀ። መልስ 15 ደግሞ እናቷ ባለፈው ሁዳዴ የጉልበታቸው ሎሚ ተሰብሮ ስግደት የቀረባቸው ልጅ ናት። የንስሐ አባታቸው ተቀምጠው እንዲጸልዩ ፈቀዱላቸው። እሳቸው ግን ሰሙነ ሕማማት ላይ ካልሰገድኩ ብለው አልቅሰዋል። ሁለቱ እዚያው እርስ በርሳቸው ተጽናኑ። ስለ ሎሚው አንድ ጠቃሚ ነገር ተናግራለች። ሐኪሙ መጀመሪያ ያዘዛቸው እግራቸውን ቀጥ አድርገው ከአልጋው ከፍ እንዲያደርጉ ነው። አልቻሉም። ጉልበትን የሚዘረጋው መስመር መበጠሱን ያወቀው በዚያ ነው፤ በሽቦ አሠሩላቸው።

መልስ 16 የመጸዳጃ ቤት ነገር ነው። አትሳቁ። ጉልበቱን ማጠፍ ለማይችል ሰው የቁጢጥ ሽንት ቤት እስር ቤት ነው። ይህ ሰው የፕላስቲክ ወንበር መቀመጫውን በመጋዝ ክብ አድርጎ ቆርጦ፣ ጠርዙን በጨርቅ ጠቅልሎ ለአባቱ ሰጥቷቸዋል። ልኩን ሳይቀር ጻፈልን። ከዚህ ክር ካገኘሁት ሁሉ በተግባር ያዋልኩት የመጀመሪያው ይህ ነው። ምንም ሐኪም አልነገረንም ነበር።

መልስ 17 ቅልጥም ሾርባ አለ። መልስ 18 ጾም መሆኑን አስታውሶ በተልባ ተካው፣ ጤፍ ካልሲየም አለው ብሎም ጨመረ። መልስ 19 ነርሷ ናት። ሁሉንም አልከለከለችም። ሾርባ አጥንት አይጠግንም፤ ግን የታመመ ሰው ይብላ ነው ቁም ነገሩ። እንቁላል፣ ምስር፣ ባቄላ። ወንድሜ ሲጋራ ያጨስ እንደሆነም ጠየቀችኝ። ያጨሳል። ሲጋራ አጥንት መግጠሙን ያዘገያል፣ ቁስልም ያበላሻል። ማታ ይህን ነገርኩት። እንደገና ሰደበኝ።

መልስ 20 ክሩን አቃጠለው። ይህ በቀዳዳ የሚባለው ነገር ትናንት የመጣ የነጋዴ ፈጠራ ነው፤ ሐኪም ሁሉ ከብረት ሻጭ ኮሚሽን ይበላል፤ እኔም ራሴ ሳልሆን አልቀርም የአንዱ ሆስፒታል አስተዋዋቂ የሆንኩት። ማስረጃ አልነበረውም። ወንድሜ አልጋ ላይ እያለ ይህን ማንበብ አቃጠለኝ። መልስ 21 እና 22 በተቆጣጣሪው ተሰርዘዋል። አንዱ የእኔ ነው። ምን እንደጻፍኩ አልናገርም።

መልስ 23 ረቡዕ ሌሊት የገባ ነው። ብዙ ዘመን የሠሩ አንጋፋ የአጥንት ሐኪም ናቸው፤ አጻጻፋቸው ራሱ እርጋታ አለው። መልስ 20ን ሳይሳደቡ መለሱለት። ኬንጂ ታካጊ የተባሉ ጃፓናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1918 ቶኪዮ ውስጥ፣ የፊኛ መመልከቻ መሣሪያ የአስከሬን ጉልበት ውስጥ አስገብተው አይተዋል። እንግዲህ ጉልበትን በቀዳዳ ማየት መቶ ዓመት አልፎታል። የዛሬው በብረት የማሰር ትምህርትም መነሻው ስዊዘርላንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 የተሰባሰቡ ሐኪሞች ኤኦ የሚባለውን ቡድን መሠረቱ። ትምህርታቸው ስብራቱን በሚገባ ገልጦ፣ እያንዳንዱን ቁራጭ ገጥሞ፣ አጥብቆ ማሰር ነበር። ብዙ ሰው አስነሳ። ጉልበት አካባቢ ግን ሌላ ጣጣ አመጣ። እዚያ ቆዳው ስስ ነው። ከአደጋው በኋላ ደግሞ ያብጣል፣ ውሃ ይቋጥራል። ያንን ቆዳ በረጅሙ ቀዶ፣ ሥጋውን ከአጥንቱ ገፎ መሥራት የአጥንቱን ደም መንገድ ያቋርጣል። ቁስሉ ይከፈታል፣ ያመረቅዛል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የመጡት በጡንቻ ሥር የሚንሸራተቱና ብሎናቸው የሚቆለፍ ብረቶች የተሠሩት ከዚህ ትምህርት ነው። እነዚህም የራሳቸው ጣጣ አላቸው። ብረቱ ረጅም ሲሆን ታች ያሉት ብሎኖች ነርቭ አጠገብ ያርፋሉ። እዚያ ላይ አስተዋይ ሐኪም ቀዳዳውን ሰፋ አድርጎ በዓይኑ አይቶ ይገባል።

ለእኔ ጥያቄ የመለሱት እዚህ ላይ ነው። ቀዳዳው ለጠባሳ ማማር አይደለም፤ ሥጋውንና ደሙን ላለመንካት ነው። መገጣጠሚያው ወለል ላይ ግን ምሕረት የለም። ግንዱ ላይ አጥንት በትንሹ ቢጣመም ሰውነት ይታገሳል። ምጣዱ ላይ እርከን ከቀረ ልሙ አጥንት ይፈጫል፣ ጉልበቱም ያለ ዕድሜው ያረጃል። ስለዚህ ወለሉ በቀዳዳ ተስተካክሎ ከታየ እሰየው። ካልታየ ይከፈታል። ሁለቱን ሐኪሞች የምጠይቃቸውን ሦስት ነገር ሰጡኝ። ወለሉ መስተካከሉን በምን ታያለህ? በቀዳዳ አልሆን ካለህ እዚያው ትከፍታለህ ወይ? በዚህ እብጠት ላይ መቼ ነው የምትሠራው?

ሦስተኛው ጥያቄ አስደነገጠኝ። እኔ መዘግየት ሁሉ ጉዳት ይመስለኝ ነበር። እሳቸው ግን እብጠቱ ወርዶ ቆዳው መሸብሸብ እስኪጀምር ሳምንት፣ አንዳንዴም ሁለት ሳምንት እንደሚጠበቅ አስረዱ። ስብራቱ ክፉ ከሆነ እስከዚያው ከጉልበቱ በላይና በታች ዘንግ ተተክሎ ከውጭ በብረት ይያዛል። እግሩ ካልጠቆረ፣ ቁስሉ ካልተከፈተ፣ ባቱ ካልጠጠረ መጠበቅ ሕክምና ነው።

ሐሙስ ጠዋት ሁለቱም ጋ ሄድኩ። የግሉ ሐኪም ነገ ጠዋት እሠራዋለሁ አለኝ። እብጠቱንስ ስለው ምንም አይደለም አለ። ካልሆነ ትከፍታለህ ወይ የሚለውን ጥያቄ አልወደደውም። የመጀመሪያው ሐኪም ጥያቄዎቹን ሲሰማ ወረቀት አወጣና ሥዕል ሣለልኝ። ለካ እሱም ጉልበቱን በሙሉ ሊገልጠው አልነበረም። መክፈት የሚለው ቃል ነው ያስፈራን።

መልስ 24 የእኔ ሪፖርት ነው። ዘጠኝ ቀን ጠበቅን። በውጭ በኩል ጣት የሚያህል ርዝመት ተከፈተ። የሰመጠው ቁራጭ ከሥር ተገፍቶ ተነሳ። ከዳሌው በተፈቀለት አጥንት ተሞላ። ብረቱ በዚያው ቀዳዳ በጡንቻ ሥር ወደ ታች ተንሸራተተ። ታች ያሉት ብሎኖች በትንንሽ ቀዳዳ ገቡ። እንግዲህ ግማሹ በቀዳዳ፣ ግማሹ በመክፈት። እኔ ሦስት ቀን ሙሉ ሁለት ነገር መስሎኝ የተጨነቅኩበት ነገር አንድ ሆኖ አረፈው። ዳሌው ከጉልበቱ ይልቅ አመመው፤ ይህን ማንም አላስጠነቀቀንም። በሁለተኛው ቀን ፊዚዮቴራፒስቷ ጉልበቱን ማጠፍ አስጀመረችው። እግሩን መሬት ማስነካት ግን እስከ አሥረኛው ሳምንት ክልክል ነበር። እናቴ ወጌሻውን አልተወችም። ክራንቹን ጥሎ ሲነሳ ጠርታ፣ ትከሻውን ብቻ አሳሸችለት። ክራንች ትከሻ ይገድላልና እሱስ ጥሩ አደረገች።

መልስ 25 ብረቱ አየር ማረፊያ ላይ ይጮህ እንደሆነ ጠየቀ፤ ዱባይ ሊሄድ ነው። አንዳንዴ ይጮሃል፣ የሕክምና ወረቀት ያዝ አልኩት። ብረቱ ይወጣል ወይ ለሚለው፣ ካላስቸገረ እዚያው ይኖራል ተብለናል።

መልስ 26 የመልስ 3 ባለቤት፣ የጎጃሙ ጨዋ ሰው ነው። ነገሩን ሁሉ እንደተከታተለ፣ እናቴ እንዴት እንደሆነች፣ ወንድሜ ቁጢጥ ማለት ይችል እንደሆነ ጠየቀ። ፎቶ ካለም እንድለጥፍ፤ ስምና ፊት ሳይታይ፣ መልስ 7 እንዳይቆጣ።

ትናንት ፎቶ አነሳሁት። አራት ወር ከአንድ ሳምንት ሆኖታል። የበሩን እጀታ ይዞ እስከ ግማሽ ወረደ፣ ትንሽ ቆየ፣ ተነሳ። ጠባሳው ሁሉ ይታያል። ፈገግታው ግን የለም። ድሮም ፎቶ ሲነሳ አይስቅም።